ሮማን ደወለ

«ኡፍ፣ ሮማን ደወለ!» አልኩ። ድምፄን ከፍ አድርጌው ኖሯል። እናቴ ከጓዳ ሰማችኝ።

«ደወለች አይባልም እንዴ?» አለችኝ። ትንሽ ቆይታ ብቅ አለችና፣ «ማናት እሷ?»

ምን ብዬ ላስረዳት? ሮማን ሴት አይደለችም። ሮማን ቤሊክ የሚባል ቦርጫም፣ ቁማርተኛ፣ ወሬው የማያልቅ የባልካን ሰው ነው። የሚኖረው ኮምፒውተሬ ውስጥ ነው። ሥራ ስጀምር ጠብቆ ይደውልና ቦውሊንግ እንሂድ ይለኛል። «ጌም ውስጥ ያለ ሰውዬ ነው» አልኳት። አየችኝ፣ ፈገግ አለችና ተመለሰች። ከዚያ ቀን ጀምሮ እኛ ቤት ሮማን የምትባል ልጅ እንዳለችኝ የታወቀ ሆነ።

ጌሙ ግራንድ ቴፍት አውቶ 4 ነው፤ ከተማ ውስጥ መኪና እየነዱ ወንጀል የሚሠሩበት፣ በእኛ አጠራር ጂቲኤ ፎር። ሰው ሁሉ ስድስተኛውን ሲጠብቅ እኔ ሰሞኑን አራተኛውን እንደገና ከፍቼ ተቀምጫለሁ። ድሮ እየረገምኩ ነው የጨረስኩት። አሁንም እረግመዋለሁ። የምረግምበት ቦታ ግን ተቀያይሯል።

የወጣው ሚያዝያ 21 ቀን 2000 ዓ.ም. ነው። በሚሌኒየማችን ዓመት፣ ከፋሲካ በኋላ በዋለው ማክሰኞ። እኛ የበዓሉን ዶሮ ሳንጨርስ ፈረንጁ ሱቅ በር ላይ ተሰልፎ ነበር። በመጀመሪያው ቀን 3.6 ሚሊዮን ቅጂ ተሸጠ። በሳምንቱ 6 ሚሊዮን ገባ፤ ገንዘቡ 500 ሚሊዮን ዶላር። የሐያሲዎችን ነጥብ እየሰበሰበ አማካይ የሚያወጣው ሜታክሪቲክ ከ100 98 ሰጠው። እኛ ትምህርት ቤት 98 በስፖርት እንኳ አይሰጥም ነበር።

ይህን ሁሉ ያወቅኩት በኋላ ነው። እኔ እጅ የገባው ቆይቶ፣ የኮምፒውተሩ ቅጂ ከወጣ በኋላ ነው። ያኔ ጂቲኤ ማለት ለእኔ ከአራተኛው በፊት የወጣው ሳን አንድሪያስ ነበር። ለማንኛችንም እሱ ነበር። ሰፈራችን ጌም ቤት ውስጥ አራት ቴሌቪዥን አለ፤ ሦስቱ ላይ ኳስ፣ አንዱ ላይ ጂቲኤ። ኳስ በጨዋታ ይከፈላል፣ ጂቲኤ በሰዓት። የደረስክበትን የሚይዝ ሚሞሪ ካርድ ያለው ልጅ የለም፤ ቢኖረውም ባለቤቱ አያሰካም። ስለዚህ ሁልጊዜ ከዜሮ ነው የሚጀመረው። ዋናው ሰውዬ ሲጄ ወደ አገሩ ይመለሳል፣ ፖሊሶቹ መንገድ ላይ ይጥሉታል፣ ብስክሌቷን ያነሳል። ከዚያ ወዲያ ሚሽን፣ ማለትም ጌሙ የሚሰጥህን ሥራ፣ የሚሠራ የለም። ኪሳችን ውስጥ በእስክሪብቶ የተጻፈች ብጣሽ ወረቀት አለች፤ ኮድ። አንዱ ታንክ ያወርዳል፣ አንዱ ጄትፓክ፣ አንዱ ፖሊስ ያባርራል። ወረቀቷ በላብ ስትደበዝዝ በሌላ ትገለበጣለች፤ ልክ እንደ ክታብ።

ሳን አንድሪያስ ታሪክ እንዳለው የሰማሁት ከረፈደ ነው። ለእኛ ሜዳ ነበር። ሦስት ከተማ፣ በረሃ፣ ተራራ፣ ተዋጊ ጄት። ሲጄ ሲበላ ይወፍራል፣ ጂም ሲገባ ይፈረጥማል። ከዚህ በላይ ማን ምን ይፈልጋል?

ስለዚህ አራተኛውን ስከፍት የጠበቅኩት የባሰበት ሜዳ ነው። ጄት የለም። ብስክሌት የለም። ፓራሹት የለም። ጂም የለም። መኪና ቀለም ይቀየርለታል እንጂ አይጌጥም። በሦስቱ ከተማ ፋንታ ያለው አንድ ነው፤ ሊበርቲ ሲቲ። አንድ ጓደኛዬ ግማሽ ሰዓት ተጫወተና፣ «ይኼ እኮ የተቀነሰ ነው» ብሎ ተነሥቶ ሄደ። ሐሰት አልተናገረም። ቁጥር ሁለት፣ ቁጥር ሦስት ሲባል ሰው የሚጠብቀው ጭማሪ ነው። ኤድንብራ ያሉት የሮክስታር ኖርዝ ሰዎች ግን መቀስ ይዘው ነው የተቀመጡት።

የእኔ ደግሞ ሌላም ጣጣ ነበረበት። ቅጂዬ የተቀዳ ዲቪዲ ነው፤ ይቅር ይበሉኝ፣ ያኔ ሌላ መንገድ አላውቅም ነበር። ትንሽ እንደተጫወትኩ ካሜራው መወዛወዝ ጀመረ። መንገዱ ይዋልላል፣ ፎቁ ይዘምማል፣ የምጫወተው ሰውዬ ኒኮ አረቄ ቤት ያደረ ይመስላል። እኔ ደግሞ ተደነቅኩ! «ሰውዬው ጦርነት ያየ ነው፣ ራሱን ያዞረዋል፤ ይህን ሁሉ አስበውበታል» ብዬ ለጓደኞቼ ሳብራራ ከረምኩ። ነገሩ ቅጣት ኖሯል። ጌሙ ያልተገዛ መሆኑን ሲያውቅ ካሜራውን ሆን ብሎ እንዲያሰክር አድርገውት ነው። የተፈታበት ቅጂ እስካገኝ ሁለት ሳምንት ሙሉ ሰክሬ ነዳሁ።

ስካሩ ሲለቀኝ ያየሁት ጌም ሌላ ነው። የቀነሱትን ሁሉ በአንድ ነገር መልሰውታል፤ በክብደት።

መኪናዋ ስትታጠፍ ወደ ጎን ታዘነብላለች። ፍሬን ስትይዝ አፍንጫዋን ትደፋለች። በፍጥነት መጥታ ከግንብ ብትላተም ኒኮ መስታወቱን ሰብሮ አስፋልት ላይ ይዘረራል። ጓደኞቼ «መኪና ነው ጀልባ?» እያሉ ይቀልዱ ነበር። እስከ ዛሬም ድረስ ይህን አነዳድ የሚጠላ ሰው ብዙ ነው። እኔ ከጥቂቶቹ ወገን ነኝ። ሳን አንድሪያስ ላይ መንዳት ባዶ ካርቶን መግፋት ነው። እዚህ ግን ኩርባ ሲመጣ ቀድሞ ማሰብ አለ። ለመዞር ፍጥነት መቀነስ የሚያስፈልግበት የመጀመሪያው ጂቲኤ ይህ ይመስለኛል።

ሰውም ይከብዳል። አካሉን የሚያንቀሳቅሰው ዩፎሪያ የሚባል ቴክኖሎጂ ነው። የሰዎቹ አወዳደቅ አስቀድሞ ተሠርቶ የተቀመጠ አይደለም፤ እዚያው በቅጽበቱ ነው የሚሰላው። ደረጃ ላይ የተገፋ ሰው ሚዛኑን ለመጠበቅ ይንገዳገዳል፣ እጁን ያወራጫል። መኪናውን የቀማኸው ሰው የበሩን እጀታ አልለቅም ብሎ ይጎተታል። መጀመሪያ ሳላስበው አንድ ሰው ስገጭ፣ ኮፈኑ ላይ ተንከባለለ፣ ወደቀ፣ ሊነሣ ሞከረ፣ እያነከሰ ሄደ። እጄን ከኪቦርዱ ላይ አነሣሁ። ጌም ቤት ውስጥ ታንክ አውርደን ሰፈር ስናፈርስ ሆዳችንን ይዘን እንስቅ ነበር። ይህ አላሳቀኝም።

ከተማዋ ኒውዮርክ ናት፤ ስሟን ለውጣ። ብሩክሊን ብሮከር ተብሏል፣ ኩዊንስ ዱክስ፣ ብሮንክስ ቦሃን፣ ማንሃተን አልጎንኩዊን። ከወንዙ ማዶ ኒው ጀርዚ አልደርኒ ሆኗል። ስታተን አይላንድን ጭራሽ ትተውታል፤ ጌሙ ውስጥ የጠየቀም ያለ አይመስልም። የነፃነት ሐውልቷ የደስታ ሐውልት ተብላ በችቦ ፋንታ የቡና ኩባያ ይዛለች። እግሯ ሥር በሄሊኮፕተር ወርደህ፣ በሯን አልፈህ፣ መሰላሉን ብትወጣ ውስጧ በሰንሰለት የታሰረ ግዙፍ ልብ ሲመታ ታገኛለህ። ለምን? ማንም አይነግርህም።

እኔ ግን ከሁሉ የምወደው ታክሲ መሳፈርን ነው። ኋላ ተቀምጠህ፣ መስኮቱን እያየህ፣ ሬዲዮ እየሰማህ መሄድ ትችላለህ። ዝናብ ይዘንባል፤ ሰው ጋዜጣ ራሱ ላይ አድርጎ ይሮጣል። አፍሪካዊ ሙዚቃና ፈንክ የሚለቅ ጣቢያ አለ፣ አቅራቢው ናይጄሪያዊው ፌሚ ኩቲ ነው። የሩሲያ ዘፈን የሚለቅ ደግሞ ቭላዲቮስቶክ ኤፍኤም አለ። አለ ስል ድሮ ነው። እ.ኤ.አ. በ2018 የብዙ ዘፈኖች ፈቃድ አሥር ዓመት ሞልቶት ስላለቀ ወጡ፤ ቭላዲቮስቶክ ማለት ይቻላል ሙሉ በሙሉ ተቀየረ። ሰሞኑን ስከፍተው የማላውቀው ዘፈን ነው የተቀበለኝ። የድሮ ሰፈር ሄደህ ሱቁ ባንክ ሆኖ እንደማግኘት ነው። በኢንተርኔት ከሌላ ሰው ጋር የሚጫወቱበት ክፍልም ኮምፒውተር ላይ እ.ኤ.አ. በ2020 ተነሥቷል።

ወደ ታሪኩ ልምጣ። ጌሙ ከወጣ ብዙ ዓመት ሆኖታል፤ መጨረሻውን ነገረን ብሎ የሚቆጣኝ ካለ ይቆጣ።

ኒኮ ቤሊክ በጭነት መርከብ ነው የሚመጣው። ከአንድ መንደር ወደ ጦርነት የሄዱ 15 ልጆች ነበሩ። 12ቱ በአንድ ቀን አለቁ። የከዳቸው ከተረፉት ከሦስቱ አንዱ ነው። ኒኮ አሜሪካ የገባው እሱን ፍለጋ ነው፤ ደም ሊመልስ። ጌሙ ይህን ለማስረዳት ብዙ ወሬ ያወራል። ለአማርኛ አንባቢ ሁለት ቃል ይበቃዋል።

ዘመዱ ግን ይህን አያውቅም። የአጎቱ ልጅ ሮማን ለዓመታት ሲጽፍለት ኖሯል። ትልቅ ቪላ አለኝ፣ የስፖርት መኪና አለኝ፣ ሴቱ አይጠየቅም፣ ና ብሎታል። መርከቧ ሌሊት ትደርሳለች። ሮማን ሞቅ ብሎት ሊቀበለው ይመጣል፤ መሪውን የሚይዘው አዲስ ገቢው ኒኮ ነው። ቤት ሲደርሱ ቪላው የለም። ያለው በረሮ የሚርመሰመስበት ጠባብ አፓርታማ ነው። የስፖርት መኪናውም የለም። ያለው ትንሽ የታክሲ ድርጅት ነው። ሮማን ቁማር በልቶታል፤ አራጣ አበዳሪው ቢሮው ድረስ እየመጣ ያንጓጥጠዋል።

በረሮዋን ሳይ ሳቅ አመለጠኝ። ከዚያ ቀና ስል ፎቶው ታየኝ።

ሳሎናችን ውስጥ አንድ ፎቶ ተሰቅሏል። ዋሽንግተን ያለው የአጎቴ ልጅ ቀይ መኪና ተደግፎ፣ እግሩን አነባብሮ፣ መነፅር አድርጎ። እንግዳ በመጣ ቁጥር አባቴ «የሱ ናት» እያለ ያሳያል። ታክሲ እንደሚነዳ ሁላችንም እናውቃለን። ዋሽንግተን ታክሲ የተሳፈረ ሰው አማርኛ ሳይሰማ አይወርድም ይባላል። ቢሆንም ቀይዋ መኪና የራሷ ቦታ ነበራት፤ ታክሲውና እሷ በአንድ ዓረፍተ ነገር አይነሡም።

ያን ዓመት ለጥምቀት መጣ። አንድ ቀን ማታ ስጫወት ከኋላዬ ወንበር ስቦ ተቀመጠ። ዝም ብሎ ቆየ። የሮማንን ጋራዥ ሲያይ፣ ያን ሬዲዮ፣ ያን የተከመረ ወረቀት፣ ሣቀ። «ይኼን ሰውዬ አውቀዋለሁ» አለ። ከዚያ «እስቲ ስጠኝ» አለኝ።

ሰጠሁት። ታክሲ ውስጥ ገባ። የመጀመሪያው መብራት ላይ ቀይ ሲበራ ቆመ።

«ዝም ብለህ ሂድ፣ ማንም አይነካህም» አልኩት።

«ካሜራ ይኖራል» አለኝ።

ድልድዩ ላይ መክፈያ አለ፤ 5 ዶላር። እኔ ሁልጊዜ እንጨቱን ሰብሬ ነው የማልፈው፣ ፖሊስም ያሯሩጠኛል። እሱ ቆሞ ከፈለ። አርባ ደቂቃ ያህል ነዳ። አንድ ሰው አልገጨም። የማንንም መኪና አልጫረም። ጂቲኤ እንዲህም መጫወት እንደሚቻል አላውቅም ነበር፤ እንዲያውም ጌሙ ለሱ የተሠራ መሰለኝ። ያ የጠሉት ክብደት፣ ያ ማዘንበል፣ መብራቱ፣ ዝናቡ፣ ሬዲዮው ሁሉ ልክ ነው።

መሀል ላይ ስልኩ ጮኸ። ሮማን ነው። ቦውሊንግ።

«ይኼ ሰውዬ አያርፍም፣ ዝጋው» አልኩት።

«ሥራው ሲያልቅ የሚደውልለት ሰው የለውማ» አለኝ። ደግሞ ቆየና፣ «ቪላ አለኝ ብሎ ነው ያመጣው አይደል?»

«አዎ።»

አረንጓዴ በራ። ሄደ። «መኪናዋ እኮ የጎረቤቴ ነበረች» አለ። ፎቶውን ቀና ብሎ አላየም። እኔም አላየሁም።

እዚህ ላይ ጌሙን እያሞገስኩ ብቻ የምቀጥል እንዳይመስል። ችግሩ የሚጀምረው ከታክሲው ወርደህ ሥራ ስትቀበል ነው።

ሥራዎቹ አንድ ዓይነት ናቸው። አንዱ አለቃ ጋ ሂድ፣ ወሬውን ስማ፣ ከተማውን አቋርጠህ ንዳ፣ ሰዎቹን ግደል፣ ፖሊስ አምልጥ። ሩሲያዊው አለቃ፣ አየርላንዳዊው አለቃ፣ ጣሊያናዊው አለቃ፤ ሥራው ያው። በሃያኛው ላይ ሰውዬው ሳይጨርስ የሚጠይቀኝን አውቀዋለሁ። ከዚህ የባሰው ደግሞ መሀል ላይ የሚያዝልህ ነገር አለመኖሩ ነው። ብትሞት ከመጀመሪያው ነው፤ መንገዱንም ጭምር።

ይህን በሚገባ የሚያውቀው የባንክ ዘረፋውን የሠራ ሰው ነው። በነገራችን ላይ ምርጡ ሚሽን እሱ ነው። ከማክሪሪ ወንድማማቾች ጋር ባንክ ትገባለህ። ነገሩ ይበላሻል። መንገድ ለመንገድ እየተታኮስክ፣ ወደ ምድር ባቡሩ ዋሻ ወርደህ፣ በሐዲዱ ሮጠህ፣ ሌላ ጋ ወጥተህ፣ መኪና ይዘህ ታመልጣለህ። ረጅም ነው። ያን ጊዜ ደግሞ መብራት በፈረቃ ነበር። የእኛ ተራ የሚያበቃበትን ሰዓት ማንም በትክክል አያውቅም። ዋሻው ውስጥ ሁለቴ ሄደብኝ። ሦስተኛው ላይ ዋሻውን ወጥቼ፣ መኪናው ውስጥ ገብቼ፣ ፖሊሶቹ እየራቁ ሳለ ድፍት! ጨለማው ውስጥ ተቀምጬ የተናገርኩትን እናቴ ባትሰማ ይሻላል። በአራተኛው ቀን ጨረስኩት። ሦስቱን ሙከራ መብራቱ ላይ አላክክም፤ እያንዳንዱ ጌም መሀል ላይ የሚያዝበት ቦታ ያስፈልገዋል፣ መብራት በማይጠፋበት አገርም ቢሆን። ራሳቸውም ሳይገባቸው አልቀረም። እ.ኤ.አ. በ2009 ባወጧቸው ሁለት ተቀጥላ ታሪኮች የመጀመሪያው መሀል ላይ መያዝ ጀመረ። ሁለተኛው ፓራሹቱን መለሰ። ጓደኛዬ ተጠርቶ ይቅርታ የተጠየቀ ያህል ደስ አለኝ።

ሌላው ነገር ከዚህ ከፍ ያለ ነው። ኒኮ ክፉኛ ያዘነ ሰው ነው። ባገኘው ሰው ፊት ሁሉ ጦርነቱን ያነሣል፤ መግደል ነፍስን እንዴት እንደሚያጎድል ይናገራል። ደስ የሚል ንግግር ነው። ከዚያ ይወጣል፣ ለ2,000 ዶላር አሥራ አምስት ሰው ይገድላል፣ ተመልሶም ያዝናል። ያ አካል ሁሉ ሲንገዳገድ፣ ሲያቃስት፣ እያንዳንዱ ሞት እንዲከብደኝ የደከሙት ሰዎች ሚሽኑ ላይ ሲደርሱ ሬሳውን በደርዘን ነው የሚቆጥሩት። ሳን አንድሪያስ እንዲህ ያለ ጭቅጭቅ ውስጥ አልገባም። ካርቶን ነበርና ካርቶን ሆኖ ቀረ። ይህኛው ግን እኔው በራሱ ሚዛን እንድመዝነው አስተማረኝ፤ አሁን ስመዝነው ይጎድላል።

ደግሞ ገንዘቡ! ደሃ ሆነህ ትመጣለህ፤ ለምን እንደምትሠራ ይገባሃል። ጥቂት ቆይቶ ኪስህ ሞልቶ ይፈሳል፣ የሚገዛበት ግን የለም። ልብስ፣ ጥይት፣ ሆት ዶግ። ቤት አይገዛም፣ ንግድ አይከፈትም። ሀብታሙ ኒኮ ከደሃው ኒኮ በምን እንደሚለይ ኮቱን ካላየህ አታውቅም። ከኋላው ያለው ሒሳብ ግን የሚገርም ነው። የኒኮን ድምፅ የሠራው ተዋናይ ማይክል ሆሊክ ለ15 ወር ሥራ ያገኘው ወደ 100,000 ዶላር ነው። ከሽያጩ ድርሻ የለውም። ቅሬታውን ያኔውኑ ለጋዜጣ ተናግሯል። ግማሽ ቢሊዮኑን ሳምንት አስታውሱ።

ሁለቱ ነገሮች፣ ሐዘኑና ሥራው፣ የተጋጠሙባቸው ጥቂት ቦታዎች ግን አሉ። አንዱ ድዌይን ነው። ከእስር የወጣ፣ ዘመኑ ያለፈበት የሰፈር አለቃ። እሱ ያሳደገው ልጅ ፕሌይቦይ ኤክስ ሀብታም ሆኗል። ልጁ አሳዳጊውን ግደልልኝ ይልሃል፣ አሳዳጊውም ልጁን። ልጁን ብትገድል ያን የሚያምር ቤቱን ትወርሳለህ። አሳዳጊውን ብትገድል 25,000 ዶላር ይሰጥሃል፣ ከዚያ ልጁ ራሱ እንዲህ ያለ ሰው አጠገቤ አልፈልግም ብሎ ይሸሽሃል። ይህችን ወደድኳት።

ሌላው ዳርኮ ነው፤ ከሃዲው። ሲገኝ ደመኛ አይመስልም። በሱስ ያለቀ፣ አፉ የሚንቀጠቀጥ ሰው ነው። ስንት ተከፈለህ ይለዋል ኒኮ። አንድ ሺህ ዶላር። 12 ልጅ በአንድ ሺህ። ዳርኮ ደግሞ መልሶ ይጠይቀዋል፤ አንተስ ሰው ለመግደል ስንት ነው የምታስከፍለው? ኒኮ መልስ የለውም። እኔም የለኝም፤ ሲያስከፍል የከረመው በእኔ ጣት ነው። ገደልኩት። ምንም አልቀለለኝም። ከዚያ ሚሽን በኋላ ኒኮን የትም አልወሰድኩትም፣ ታክሲ ይዤ ዝም ብዬ አልጎንኩዊንን ዞርኩ።

ያን ጊዜም ደወለ።

የሮማን ስልክ እንደ ጌም አሠራር ሲታይ ያለ ጥርጥር የተበላሸ ነው። ፖሊስ ሲያሳድድህ ይደውላል። ሚሽን ላይ ልትገባ አንድ እርምጃ ሲቀርህ ይደውላል። እምቢ ካልክ ይቀየማል፤ ቅያሜው ደግሞ በመቶኛ ይቆጠራል። ብሩሲ የሚባለው ጓደኛ ሲወድህ በሄሊኮፕተር ያደርስሃል። ጃኮብ የሚባለው ሲወድህ መሣሪያ በርካሽ ያለህበት ድረስ ያመጣልሃል። ሮማን ሲወድህ ነፃ ታክሲ ይልክልሃል። ወዳጅነት ከላይ ሒሳብ ከታች። ቦውሊንጉ ራሱ ሁለቴ ከተጫወትከው ሦስተኛው ቅጣት ነው። በዚህ ሁሉ ላይ ከወቀሱት ጋር እወቅሳለሁ።

ግን ከአጎቴ ልጅ በኋላ ስልኩን የማነሣው እኔ ሌላ ሰው ሆንኩ። መንገድ ላይ ያለውን ወሬያቸውን መስማት ጀመርኩ። ስለ አገራቸው፣ ስለ እናቶቻቸው፣ ስለ ሮማን ፍቅረኛ ስለ ማሎሪ፣ ሊከፍተው ስላሰበው ንግድ። እያንዳንዱ ጉዞ ላይ ሌላ ወሬ አለ፤ ሰክረው ሲመለሱም ሌላ። ጌሙ ውስጥ ከተጻፈው ሁሉ ምርጡ ጽሑፍ ያለው እዚያ ነው፤ ከቦውሊንጉ በፊትና በኋላ፣ ሰው ዘግቶት በሚያልፈው ስልክ ውስጥ።

መጨረሻ ላይ ሁለት መንገድ ይሰጡሃል። ከዋናው ጠላትህ ከዲሚትሪ ጋር ተስማምተህ ገንዘቡን ውሰድ፣ ወይም ሄደህ ግደለው። ወዳጁ ኬት ከእንዲህ ያለ ሰው ጋር አትነግድ ትለዋለች። ሮማን ደግሞ ገንዘቡን ውሰድ፣ ይብቃን፣ እንኑር ይለዋል። ዳርኮን ካየሁ በኋላ ደም አስጠልቶኝ ነበር። ሮማንን ሰማሁት።

የሮማን ሠርግ ላይ ለኒኮ የተላከ ሰው መጣ። ጥይቱ ሮማንን አገኘው። ነጭ ሸሚዝ ለብሶ፣ ማሎሪ አጠገቡ እንደቆመች። በሌላኛው መንገድ የምትሞተው ኬት እንደሆነች በኋላ ጓደኛዬ ነገረኝ። ከሁለቱ አንዱ ሠርግ የሌለበት እንደሆነ ጠይቄው ነበር። የለም አለኝ።

ደግሜ አልጀመርኩትም። ጌሙ ካለቀ በኋላ ከተማዋ ክፍት ናት፤ ያልሠራኸውን ትሠራለህ፣ መንገድ ለመንገድ ትዞራለህ። 200 እርግብ አድኖ የሚጨርስ ሰው አለ። እኔ ታክሲ ውስጥ ኋላ እቀመጥ ነበር። ስልኩ ይጮኻል። ጃኮብ ነው። ብሩሲ ነው። ከማክሪሪዎቹ አንዱ ፓኪ ነው፣ ዳርት እንጫወት ይላል። እያነሣሁ እሺ እላለሁ።

አንድ ቀን እናቴ ቡና እያፈላች ነው። ጀርባዋን እንደሰጠችኝ፣ «ያቺ ልጅ ምነው ዝም አለች?» አለችኝ።

«የቷ?»

«ሮማን ነቻ! እንደዚያ ስትደውል ከርማ።»

ምን ልበላት? «አገባች» አልኳት።

ረከቦቱን እያስተካከለች ጥቂት አሰበች። «እሷስ ብልህ ናት» አለች፣ አንደኛውን ስኒ ወደ እኔ እያስጠጋች።